የንግሥት ናርዲስ ጠበቃ

አሳየሽን አንድ ተራ ቀን መጀመሪያ የሚያስከፍላት ወገቧን ነው። ሹሩባ የሚሠራ ሰው ቆሞም አይደል ተቀምጦም አይደል፤ ከጠዋት እስከ ማታ ጎንበስ እንዳለ ነው። ቀጥሎ ጣቶቿን ትከፍላለች። ዊግ የላጠው የአውራ ጣቷ ጫፍ ተሰነጣጥቆ፣ ማታ ማታ ቫዝሊን ቀብታ በጨርቅ ጠቅልላ ታሳድረዋለች። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ድምጿ ይሄዳል፤ ካስኩ፣ የፀጉር ማድረቂያው፣ እያጓራ፣ ቴሌቪዥኑ እየጮኸ፣ «ናርዲስ አላጠፋችም» ብላ ስትከራከር። ከዚህ ሁሉ የተረፈችውን ትንሽ ትዕግሥት የሚወስድባት ግን የክርክሩ መዝጊያ ነው። አንዷ ትነሣና «አንቺማ ለምን እንደምትሟገቺላት እናውቃለን» ትላታለች። ያን ጊዜ አሳየሽ ማበጠሪያዋን ታነሣለች።

እኔ እሷ በምትሠራበት ፀጉር ቤት ራስ አጥባለሁ፤ በኪራይ የምንኖርበት ግቢም አንድ ነው። ስለዚህ የማወራው ያየሁትን ነው።

ጊዜው ሁለት ሺህ ዘጠኝ ዓ.ም ነበር። የውጭ ድራማ የአማርኛ ድምፅ ለብሶ በዲሽ መምጣት የጀመረበት ሰሞን ስለነበር ሶዶ ውስጥ ቴሌቪዥን የሌለው ፀጉር ቤት ደንበኛ አይቀመጥለትም ነበር። የእኛዋ አለቃ ትርፌ ይህን ቀድማ ነቅታበት ግድግዳው ላይ ሰፋ ያለ ሰቅላለች። ከሁሉም በላይ ሰው የሚሰበስበው «የውሃው ዙፋን» የሚባለው ነበር። ላላያችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ከአንድ ትልቅ ሐይቅ በታች የተሠራች ከተማ አለች፤ ሐይቁን የያዘው ግንብ ነው። የሐይቁ ጌታ፣ ፊቱ የዓሣ ቅርፊት ያለበት፣ ከንጉሥ ቤት አንድ ልጅ ካልተሰጠኝ ግንቡን አፈርሰዋለሁ ይላል። ንግሥት ናርዲስ አንድያ ልጇን ትሰጠዋለች። ከተማዋ ትድናለች። እህቷ ዛሚራ ግን «ልጇን የሸጠች ንግሥት አትገዛንም» ብላ ጦር ታነሣለች። ክርክሩ እንግዲህ ይህ ነው፦ ናርዲስ አጥፍታለች ወይስ አላጠፋችም? መጨረሻዋስ ሞት ነው ወይስ ምሕረት?

ፀጉር ቤታችን ለሁለት ተከፍሎ ነበር። አጥፍታለች የሚለውን ወገን የምትመራው ዓመለወርቅ ናት። ዓመለወርቅ አያቶቿ ከሰሜን መጥተው ሶዶ የቀሩ፣ ራሷ እዚሁ ተወልዳ መንግሥት መሥሪያ ቤት የምትሠራ፣ ፀጉሯ በቢጎዲን ተጠቅልሎ ካስክ ውስጥ ገብታ ሳለ እንኳ ከመከራከር የማትቦዝን ሴት ናት። ካስክ ውስጥ ያለ ሰው የራሱን ድምፅ ስለማይሰማ ትጮኻለች፤ አላፊ አግዳሚው ጠብ ያለ እየመሰለው በበሩ አንገቱን ያስገባል። የእሷ ነጥብ አጭር ነው፤ እናት ትሞታለች እንጂ ልጅ አትሰጥም።

አሳየሽ ብቻዋን ነበረች ማለት ይቻላል። ከኦቶና ሆስፒታል የምትመጣ አንዲት ነርስ አንዳንዴ ትደግፋታለች፤ እሷ ግን ተረኛ ስትሆን ትጠፋለች። የሆነው ሆኖ አሳየሽን ያየ ሰው ተራ ተመልካች ናት አይላትም። አንዲት ክፍል አምልጧት አያውቅም። መብራት ከጠፋ ማታ ጀነሬተር ወዳለው ምግብ ቤት ሄዳ፣ በር ላይ ቆማ ድጋሚውን ታያለች። ናርዲስ መጀመሪያ ራሷን ልትሰጥ ሄዳ የሐይቁ ጌታ እንደመለሳት ታስታውሳለች፤ ብዙዎቹ ዘግይተው ስለጀመሩ ያንን ክፍል አላዩትም። ልጁ አለመሞቱን፣ ውሃ ውስጥ እያደገ መሆኑን ታስረዳለች። ደግሞ አንድ ማንም ያላስተዋለው ነገር አላት። ናርዲስ ጨረቃ በወጣች ቁጥር ሐይቁ ዳር ሄዳ የልጇን ስም ትጠራለች፤ ስለ ልጁ ጦር የምትሰብቀው ዛሚራ ግን አንድ ቀን እንኳ ሐይቁ ዳር ደርሳ አታውቅም። «ለልጁ ካዘነች ለምን ሄዳ አትጠራውም?» ትላለች አሳየሽ። ለዚህ መልስ የሰጣት ሰው አልሰማሁም። የሚሰጧት ያንኑ ነው፦ «አንቺማ ለምን እንደምትሟገቺላት እናውቃለን።»

ምክንያቱም አሳየሽ ራሷ ልጅ አላት፤ ልጁም ከእሷ ጋር አልነበረም።

ልጇ ቶማ ይባላል። አባቱ ወደ ደቡብ አፍሪካ መንገድ የጀመረው ልጁ ዳዴ ሲል ነው፤ ደርሷል፣ ይደውላል፣ ግን ድምፁ እየራቀ የሚሄድ ዓይነት ሰው ሆኗል። አሳየሽ ቶማን በጀርባዋ አዝላ ስትሠራ ቆየች። መሄድ ሲጀምር አንድ ቀን የጋለውን የፀጉር ካውያ በመዳፉ ያዘ። ያኔ አያቱ፣ የባሏ እናት፣ ከሶዶ በታች ካለችው ከተበላ ከተማ መጥታ እስኪጠነክር እኔ ጋ ይሁን ብላ ወሰደችው። በስምምነት ነው። አሳየሽ በእረፍቷ ቀን ሁሉ ትሄዳለች፣ ወር ሲደርስ ትልካለች። ያን ዓመት ደግሞ ነገሩ ሊያበቃ ነበር። ቶማ ለትምህርት ደርሷል። እኔ ከማውቃት አስተማሪ ጋር ተነጋግሬ በሰፈራችን ትምህርት ቤት ቦታ አገኘሁለት፤ ከትምህርት ሲመለስ ከእኔዋ ልጅ ከቤቴል ጋር እንዲውል ተስማምተናል። ፍራሽ እንኳ ገዝተናል። ጊፋታ፣ የእኛ ዘመን መለወጫ፣ እንዳለፈ ሊመጣ ነው። አሳየሽ ያን ክረምት የኖረችው ለዚህ ነበር።

አንድ ምሽት ልብስ ስናሰጣ ያለችኝን አልረሳውም። እኔ ስለ ናርዲስ ሳወራ ናርዲስን አያዩም፣ እኔን ነው የሚያዩት አለችኝ። ትርፌ ስትከራከር ስለ ትርፌ ኑሮ የሚያነሣ የለም፤ ዓመለወርቅ ስትፈርድ «ባልሽን ስለፈታሽ ነው» የሚላት የለም። «እኔ ግን ድራማ ማየት እንኳ አልተፈቀደልኝም። ያየሁትን ሁሉ ኑዛዜ ያደርጉብኛል።»

ነሐሴ ላይ የናርዲስ የፍርድ ቀን ደረሰ። የከተማው ሕዝብ አደባባይ ወጥቶ ንግሥቲቱ ወደ ሐይቁ ትጣል ወይስ ትማር ብሎ ሊወስን ነው። ፀጉር ቤቱ ጢም ብሏል፤ ፀጉር የማያሠሩት ሁሉ መጥተዋል። ዳኛው እጁን አነሣ፣ እናም መብራት ሄደ። ካስኩም ቴሌቪዥኑም አንድ ላይ ዝም አሉ። ሰው ሁሉ በብስጭት አጉረመረመ፤ ቀጥሎ ዳኛው ያልጨረሰውን ፍርድ እኛው ጀመርነው።

ዓመለወርቅ ቢጎዲኗን እንደ ዘውድ ደርድራ መሐል ወንበር ላይ ናት። ወደ ሐይቁ ትጣል አለች። አሳየሽ ራሷን ልትሰጥ ሄዳ ነበር አለች። ዓመለወርቅ ያ ማስመሰል ነው አለች። አሳየሽ የእጇን ሹሩባ ለቀቀችው።

«እሺ ዓሙዬ፣ አንቺ ንግሥት ሁኚ። ውሃው መጥቷል። ሺህ ሕፃናት ተኝተዋል፤ ያንቺም አብሮ ሊሰጥም ነው። ምን ታደርጊያለሽ?»

«ከልጄ ጋር እሞታለኋ።»

«ስለዚህ ልጅሽም ሞተ፣ ሺሁም ሞቱ። ናርዲስ ግን ልጇ በሕይወት አለ። እኔም ብሆን እሰጠው ነበር።»

ዓመለወርቅ ወደ ሁላችንም ዞራ፣ በቀስታ፣ «ሰማችሁ? ራሷ አለችው» አለች። ሳቁ ከዚያ መጣ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ግን ሳቅ ነው።

በዚያ ሰዓት በሩ ላይ የቆመው ዳልጮ ነበር። ዳልጮ የአሳየሽ ባል ወንድም ነው፤ በሶዶና በተበላ መሐል ሚኒባስ ይነዳል። አያትየው የሰጠችውን ማንጎና ስኳር ድንች ይዞ ይመጣል፣ ለስላሳ ጠጥቶ ይሄዳል። እሱም ድራማውን ያያል፤ ታሪኩ ግን ብዙም አይገባውም። የዛሚራ ደጋፊ የሆነው ሰይፏ በእሳት ስለሚነድ ብቻ ነው። ያን ቀን የማንጎውን ማዳበሪያ ከረጢት አስቀምጦ ለስላሳውን ሳይጠጣ ሄደ።

በሳምንቱ ከተበላ ስልክ ተደወለ። ቶማ አይመጣም። እዚያው ተመዝግቦ እዚያው ይማራል። አሳየሽ ፀጉር ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆማ፣ አንድ ጆሮዋን በጣቷ ደፍና፣ አዬ ፊልም ነው፣ አዬ ስለ ፊልም ነው የተናገርኩት ስትል ሰማኋት። በእኛ ዘንድ እናትንም አማትንም አዬ ነው የምንለው። የአያትየው መልስ ስልኩን አልፎ ለእኔም ይሰማ ነበር። ፊልም መሆኑን ዳልጮ ነግሮኛል፣ አላሞኝም አለች። ፊልም መሆኑ ምን ይለውጣል? ልብ ያላሰበውን አፍ አያወራም። ደግሞ እናት በሕዝብ ፊት ልጄን ለውሃ እሰጣለሁ ካለች በልጁ ላይ ጎሜ ይሆናል፤ ነውሩ የእናት፣ መዘዙ የልጅ። አያትየው ቤተ ክርስቲያን የምታዘወትር ናት። ሆኖም ጎሜ የሚባለውን ነገር ጸሎቷም ከውስጧ አላወጣውም፤ ከእኔም አውጥቶታል ብዬ አልምልም።

አለመግባባት ቢሆን ኖሮ ይፈታ ነበር። እኛን ያበሳጨን ሁሉም ነገር ለሁሉም ሰው ግልጽ መሆኑ ነው። ፊልም መሆኑን ያውቃሉ፣ ንግሥቲቱ የለችም፣ ሐይቁም የለም። እንዲያም ሆኖ ልጁ ተያዘ።

በገበያ ቀን አብረን ወደ ተበላ ወረድን። ቤቴልን አዝያለሁ። ሙቀቱ ከሶዶ ሲወርዱ እንደሚታወቀው ነው፤ አያትየው ደጃፍ ደርሰን መጀመሪያ ውሃ ጠጣን። አያትየው ጉዳዩን ለባሏ ታናሽ ወንድም ለጋሽ ኤርሳዶ ሰጥታው ነበር። ጋሽ ኤርሳዶ የወገኑ ሽማግሌ፣ የቤተ ክርስቲያኑም ሽማግሌ ናቸው። ከሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ጋር ደጅ በወጣ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከገበያ የሚመለሱ ሴቶችም ዕቃቸውን አውርደው ቆመዋል።

ጋሽ ኤርሳዶ ድራማውን አላዩትም። ስለዚህ በወላይትኛ፣ «ያላየሁትን አልፈርድም፤ ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አሉ።

አሳየሽ ነገረቻቸው። እንዴት እንደነገረቻቸው ብጽፈው ደስ ባለኝ። ግንቡን በእጇ አቆመችው፣ የሐይቁን ጌታ አስገምግማ አናገረችው፣ ናርዲስ ልጇን ይዛ ደረጃውን የወረደችበት ቦታ ላይ ድምፅዋን ዝቅ ስታደርግ ሴቶቹ ቀርበው ቀርበው አግዳሚው ሥር ደረሱ። በወላይትኛ ሲሆን ታሪኩ ሌላ ነው፤ በቴሌቪዥን የሐይቁ ጌታ እንደ አዲስ አበባ ሬዲዮ ነበር የሚያወራው።

ስትጨርስ ጋሽ ኤርሳዶ ጥያቄ ጀመሩ። ወደ ሐይቁ ጌታ ሽማግሌ ተልኳል ወይ? ተልኳል፣ ሁለተኛው ክፍል ላይ። በሬ ቀርቦለታል? ቀርቦለታል፣ ስቆ መለሰው። አንደኛው ሽማግሌ ስንት በሬ ብለው ጠየቁ። አንድ መንጋ ነው አለች። እሳቸው ጭንቅላታቸውን ነቅንቀው መንጋ የሚመልስ ጌታ እርቅ እንደማይፈልግ ተናገሩ። ሌላኛው ግን ግንቡን ጠግነው ልጁን ማቆየት ይችሉ ነበር አሉ። ከሴቶቹ አንዷ ናርዲስን ደገፈች፤ ሌላዋ ጮኸችባት። አሳየሽን አየኋት፤ ፊቷ በርቷል። ለወራት የፈለገችው ክርክር ይኸው መጣላት። ተበላ ላይ፣ ድራማውን ካላዩት ሰዎች፣ ስለ ናርዲስ ብቻ።

አያትየው ከተቀመጠችበት ሳትነሣ፣ የናርዲስ ልጅ የአባት ወገኖች የት ነበሩ ብላ ጠየቀች።

አባቱ ሞቷል፣ ወገኖቹ ማን እንደሆኑ ድራማው አልተናገረም አለች አሳየሽ።

«ልጁ የእሷ ብቻ አይደለም። የአባቱ ነው፣ የአያቱ ነው። ማንን ጠይቃ ሰጠችው?»

«አዬ፣ ጊዜ አልነበራትም። ውሃው ደጃፍ ደርሶ ነበር።»

«ለመጠየቅ ጊዜ ካጣች፣ ለመስጠት ጊዜ ከየት አመጣች?»

ሴቶቹ አጨበጨቡ ማለት ይቻላል። አሳየሽ፣ አምላክ ይይላት፣ ጎበዝ ነጥብ ሲነሣበት እንደሚደሰት ሰው ፈገግ አለች። ይሄን ሶዶ ላይ ማንም አላነሣውም አለች፤ ከዚያ ደግሞ መመለስ ጀመረች። ብትጠይቅ ኖሮ ወገኖቹ እሺ ሊሉ ነው ወይስ እንቢ? እንቢ ካሉስ የከተማው ሕፃናት በማን እጅ ይሞታሉ? እጇን ጎትቼ ነበር። አልሰማችኝም።

«አያችሁ» አለች አያትየው ለሽማግሌዎቹ፤ «አሁንም ትሟገትላታለች።»

ያን ጊዜ ከአሳየሽ ፊት ላይ የበራው ጠፋ። ለምን እንደመጣን አስታወሰች።

ጋሽ ኤርሳዶ ክፉ ሰው አይደሉም። ከሌሎቹ ጋር ጥቂት ተማክረው ፍርዱን አቀለሉት። እናት ልጇን ማሳደጓ ትክክል ነው፣ ትምህርት ቤቱም መልካም ነው አሉ። ነገር ግን በሰው ፊት የወጣ ቃል በሰው ፊት ይመለሳል። ሁለት ነገር ትናገሪያለሽ፤ አንደኛ ንግሥቲቱ አጥፍታለች፣ ሁለተኛ በልጄ ላይ የተናገርኩትን ቃል መልሻለሁ። ከዚያ ልጁ ጊፋታን እዚህ አክብሮ በማግስቱ ይምጣ።

አሳየሽ ሁለተኛውን ወዲያው አለችው። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ሁለቴ አለችው። ከዚያ ወደ ጋሽ ኤርሳዶ ዞረች።

«ጋሼ፣ እሱ አይበቃም? የንግሥቲቱን ነገር ብንተወው?»

ጋሽ ኤርሳዶ አሰቡ። እኔ እሺ የሚሉ መስሎኝ ነበር። አያትየው ግን ሥሩን ትታችሁ ቅጠሉን አትቁረጡ አለች። ሰጪዋ ትክክል ከሆነች ነገ ሌላም ትሰጣለች። ይህን ስትል ዓይኗ አሳየሽ ላይ አልነበረም። ወደ ዋናው መንገድ ታይ ነበር፣ ወደ ደቡብ፣ ልጇ ወደሄደበት። ያኔ ክፋት አለመሆኑ ገባኝ። አንድ ወንድ ልጅ ለሩቅ አገር የሰጠች ሴት ናት፤ እሷንም የጠየቃት የለም።

ቶማ በጓሮ በኩል ከአጎቱ ልጆች ጋር ይጮኻል። አሳየሽ ድምፁን ሰማች።

«አጥፍታለች» አለች።

«ጮክ በይ ልጄ። ይስሙሽ» አሉ ጋሽ ኤርሳዶ።

«ናርዲስ አጥፍታለች።»

ሴቶቹ እልል አሉ፤ ሽማግሌዎቹ መረቁ። እኛም ዳጣ በቀረበበት ማዕድ ቀርበን በላን። አሳየሽ ቶማን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ታጎርሰው ነበር፤ እሷ ግን ሁለቴ ጎርሳ አቆመች።

የተመለስነው በዳልጮ ሚኒባስ ነው። እሱ ደስ ብሎታል፤ ዛሚራ አሸነፈች እያለ መሪውን ይደበድባል። አሳየሽ መስኮት አጠገብ ናት። የዳሞታ ተራራ ከፊታችን ብቅ ሲል ወደ እኔ ዞረች።

«ግን አላጠፋችም» አለች። «ሄዳ ራሷን ልትሰጥ ነበር። እኔ ነኝ ዛሬ የከዳኋት።»

የሌለ ሰው አይከዳም አልኳት።

ዳልጮ ወሬውን ከእኛ ቀድሞ አድርሶት ኖሯል። በማግስቱ ዓመለወርቅ ገና ራሷን ሳላጥብላት «ፍርዱ ተሰጠ አሉ፤ ጠበቃዋ ራሷ ፈረደች» አለች። ከዚያ ወዲህ አሳየሽ አፏን በከፈተች ቁጥር መልሱ አንድ ሆነ፦ ተበላ ላይ ምን አልሽ? ቀድሞ ልጅሽን ስለሰጠሽ ነው ይሏት ነበር፤ አሁን ልጅሽን ስላገኘሽ አምነሻል ይሏታል። ዳኛው እጁን ያነሣበት ክፍል ሲደገም ንግሥቲቱ ለጊዜው እስር ቤት ገባች፤ የተቀረው በሚቀጥለው ምዕራፍ ተብሎ ተቋረጠ። ሰው ሁሉ ትሞታለች ትኖራለች ሲል አሳየሽ ሹሩባዋን ትሠራ ነበር። ወገቧ ያው ነው፣ ጣቷም ያው። ድምፅዋ ግን ተርፏታል፣ የሚከራከራት ሰው ስላጣች።

ቶማ መጥቷል። ከጊፋታ ማግሥት ጀምሮ ፍራሹ ላይ ይተኛል፣ ፊደል ይቆጥራል፣ ቤቴልን ያስለቅሳታል። አያቱ ስትመጣ እሱን ልታይ ነው፤ ከአሳየሽ ጋርም ደህና ናቸው። እኔ በዚህ በኩል ነገሩ ተቃንቷል ባይ ነኝ። አሳየሽም ስለ ልጇ አምላኳን ታመሰግናለች። ስለ ሌላው ግን አልበረደላትም፤ ስጽፍላት አጠገቤ ተቀምጣ እንዲህ በይልኝ አለችኝ፦

ይህን የምታነቡ፣ «የውሃው ዙፋን»ን ያያችሁ ሰዎች ካላችሁ፣ በእኛ በኩል ስታልፉ ጎራ በሉ። አጥፍታለች የምትሉም ኑ፣ እንዲያውም እናንተ ቅደሙ። የአባቱ ወገኖች የት ነበሩ ለሚለው መልስ ያገኘ ካለ ይምጣልኝ፣ እኔ እስካሁን አላገኘሁለትም። የምለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው። ስለ ናርዲስ ስንነጋገር ልጄን አታንሡብኝ፤ ተበላ ላይ ያልኩትንም ማስረጃ አታድርጉብኝ። እሱን ያልኩት ለቶማ ነው።